አውቶማቲክ ካምቢዮና የመኪና ፍጥነት

ካምቢዮ ከሞተር የሚመነጨውን ኃይል ወደ ጎማዎች የሚያስተላልፍ የመኪና ክፍል ነው። ዳገት የሚወጣ ባለሸክም እርምጃውን እንደሚያሳጥር ሁሉ፣ መኪናም ከቆመበት ሲነሣ ወይም ዳገት ሲገጥመው ዝቅተኛ ማርሽ ያስፈልገዋል። በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ 3 ወይም 4 ጊዜ ያህል ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ 1 ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ሲቀንስ ጉልበቱ ይበረታል።

በአውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሹ የሚቀያየረው በራሱ ነው፤ ነጂው ፍሪሲዮን አይረግጥም። እ.ኤ.አ. በ1939 በአሜሪካ የተዋወቀው ሃይድራማቲክ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው።

በዛሬዎቹ መኪናዎች መለወጫው «ዲ» ላይ ሲሆን፣ ካምቢዮው ነዳጅ ለመቆጠብ ፈጥኖ ወደ ከፍተኛ ማርሽ ይሸጋገራል። ሞተሩ በዝግታ ስለሚዞር መኪናው ወዲያው አይፈጥንም። «ስፖርት» በተባለው ስልት ግን ካምቢዮው በዝቅተኛው ማርሽ ላይ ይቆያል፤ መኪናውም ቶሎ ይፈጥናል፤ ነዳጅም ይበልጥ ይፈጃል።

ይሁን እንጂ ማርሽ መቀየር ለሞተሩ አዲስ ኃይል አይፈጥርለትም። ነጂው ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከረገጠ፣ «ዲ» ላይ ያለውም ካምቢዮ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ስለሚመለስ ልዩነቱ ይጠባል። ለመመለስ ግን ጥቂት ጊዜ ይወስዳል። በጠባብ መንገድ የጭነት መኪና ለመቅደም የወጣ ነጂ ይህችን ጥቂት ጊዜ ካላሰበ፣ ከፊት ለፊቱ ከሚመጣ ተሽከርካሪ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ስለዚህ አስተዋይ ነጂ ተገቢውን ማርሽ የሚያዘጋጀው ለመቅደም ከመውጣቱ በፊት ነው፤ መንገዱ ጥርት ብሎ ካልታየው ደግሞ ከቶ አይቀድምም።