በአት፦ መግባትም ዋሻም

ከአራት ኪሎ ዝቅ ብሎ፣ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት አጠገብ ያለችው ታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ከስሟ ጋር በእጅጉ የተስማማች ቤተ ክርስቲያን ናት። ንግሥት ዘውዲቱ ለአባታቸው መካነ መቃብር ትሆን ዘንድ አሠሯት። ወለሉ ላይ ያለው ከባድ መዝጊያ ሲነሣ ደረጃው ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። እዚያ ዳግማዊ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ራሳቸው ዘውዲቱ በእብነ በረድ መቃብር ዐርፈዋል።

የስሙ ሥር ግእዝ ነው። «ቦአ» ገባ ማለት ነው፤ «በአት» ደግሞ መግባት። «ልደታ» መወለዷ እንደሆነ ሁሉ «በአታ» መግባቷ ነው፤ እመቤታችን በ3 ዓመቷ ቤተ መቅደስ መግባቷን ቤተ ክርስቲያን ታኅሣሥ 3 ቀን ታከብራለች። በቤተ መቅደስም 12 ዓመት ኖራለች ይላል ትውፊቱ።

ቃሉ ግን እዚህ አያበቃም። መግባቱን ብቻ ሳይሆን የሚገባበትንም ስፍራ ይጠራል፦ ዋሻን፣ ጎሬን፣ ዐለት ውስጥ የተሸሸገ ጥግን። የግእዙ ወንጌል ክርስቶስ ነጋዴዎቹን ከመቅደስ ሲያስወጣ የሌቦች ዋሻ ያለውን በዚሁ ቃል አስቀምጦታል። አንድ ቃል ለእመቤታችን በዓልም ለወንበዴ መደበቂያም ማገልገሉ አስደናቂ ነው።

ከሁሉ የሚልቀው ግን የገዳማውያኑ አጠራር ነው። መነኩሴ የሚጸልይባት፣ የሚያድርባት ጠባብ ማረፊያ በአት ትባላለች። ዋሻ መሆን የለባትም፤ በጭቃ የተመረገች አንዲት ጎጆም በአት ናት። «አባ በአታቸውን ዘግተዋል» ከተባለ እንግዳ በር አያንኳኳም፤ ሱባኤ ገብተዋል ማለት ነውና። ደብረ ሊባኖስ የሚሄድ ምእመንም አቡነ ተክለ ሃይማኖት የጸለዩበትን ዋሻ ሳይሳለም አይመለስም።

የአራት ኪሎዋን በዓታ ከምኒልክ ጋር የሚያስተሳስር ሌላም ነገር አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም.፣ በዚያው በበዓሏ ዕለት ነበር። ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም፤ መኳንንቱ የሥልጣን ሽኩቻ ይነሣል ብለው ሰግተው ነበርና አስከሬናቸው በግቢው ውስጥ በምስጢር ተጠበቀ። ወደ በዓታ የተዛወረው ከዓመታት በኋላ ነው።

ዛሬ ስሟ በብዛት በዓይኑ «ዓ» ይጻፋል፤ «በዓል» የሚለው ቃል ሳይስበው አልቀረም። ሥሩ «ቦአ» ነውና በአልፋው «አ» የሚጽፏት ሊቃውንት ትክክል ናቸው።