መምህሩ ወደ ደጃፍ ሲመጣ

በዋግ ኽምራ ደጋ፣ ከሰቆጣ ራቅ ባሉት ቀበሌዎች፣ ትምህርት ቤት ማለት ብዙ ጊዜ ቁልቁለት ወርዶ፣ ሸለቆ ተሻግሮ፣ እንደገና ዳገት ወጥቶ የሚደረስበት ቦታ ነው። እግሩ የጸና ልጅ እንኳ ደክሞት ይደርሳል። ዓይኑ የማያይ፣ ጆሮው የማይሰማ፣ እግሩ የማይታዘዝለት ወይም የአእምሮ እድገቱ ከእኩዮቹ የዘገየ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ መንገዱን ጨርሶ አይጀምረውም፤ ቤት ይቀራል። ቤት የቀረ ልጅ ታዲያ ሳይማር አይውልም። ከእናቱ እሳት ማያያዝን፣ ከአያቱ ተረትን፣ ከታላቁ ፍየል መጠበቅን ይማራል። ስለዚህ ልጅን ቤት ማስተማር ይሻላል ወይስ ትምህርት ቤት መላክ የሚለው ክርክር ሁለቱም በእጁ ላለ ወላጅ የሚሆን ነው። እዚህ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፤ እናቶች ያለ አጋዥ ቤት ውስጥ የያዙትን ማስተማር የትምህርት ቤቱ ሥራ አካል አድርገን እንቆጥረዋለን ወይስ እንዳላየን እናልፈዋለን? እኔ ሊቆጠር ይገባል እላለሁ፤ ልጁ በመዝገብ ሰፍሮ፣ መምህሩ ቀን ቆርጦ እየሄደ።

ሕጉ ለእነዚህ ልጆች ጀርባውን አልሰጠም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞች እንደ አቅማቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ያልም ነበር። በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ወጣ፣ በ2002 ዓ.ም. አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች፣ በ2004 ዓ.ም. ስትራቴጂው ተሻሻለ። ከዚህ ከተወለዱት አሠራሮች ዋነኛው የድጋፍ መስጫ ማዕከል ነው። በተመረጠ የጉድኝት ትምህርት ቤት የሠለጠነ መምህርና መርጃ መሣሪያ ይቀመጣል፣ በዙሪያው ያሉት ትምህርት ቤቶችም ይገለገሉበታል። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚጠብቀው እስከ ግቢው በር የደረሰውን ልጅ ነው። ተራራው ላይ የቀረውን አያውቀውም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአካባቢው ያለፈው ጦርነት ብዙ ቤተሰብ ሲያፈናቅልና ትምህርት ቤቶችን ሲጎዳ ይህ ክፍተት ይበልጥ ሰፋ።

ነገሩ የሚከብደው በአንድ ጣሪያ ሥር ከአንድ በላይ እንዲህ ያሉ ልጆች ሲኖሩ ነው። ታላቋ የማትሰማ፣ ተከታዩ ፊደል የሚምታታበት፣ ትንሹ የአእምሮ እድገቱ የዘገየ ነው እንበል። ብዙ ሰው ሦስት ልጅ ሦስት ክፍልና ሦስት መምህር ይፈልጋል ብሎ ገና ሳይጀምር ተስፋ ይቆርጣል። የአብነት ትምህርት ቤትን ያየ ሰው ግን እንዲህ አይልም። እዚያ አንድ መምህር ዛፍ ሥር ተቀምጦ አንዱን ፊደል ያስቆጥራል፣ ሌላውን መልእክተ ዮሐንስ ያስነብባል፣ ሦስተኛውን ዳዊት ያስደግማል። ሁሉም በየደረጃው የየራሱን ድርሻ ይቀበላል፣ ለብቻው ይሰማል፣ የቀደመው የኋለኛውን ያስጠናል። ዓይነ ስውራንም ከመምህር አፍ በቃል ተቀብለው ለሊቅነት በቅተውበታል። ለልዩ ፍላጎት ትምህርት በሌላው ዓለም «ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ዕቅድ» የሚባለው ነገር በመሠረቱ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ቤት ውስጥም እንደዚያው ነው፤ ሥራው አንድ ሆኖ ድርሻው ይለያያል። እናት ባቄላና አተር የተቀላቀለበትን ሰፌድ ዘርግታ ልትለቅም ስትቀመጥ ትንሹ ልጅ ትልቁን ፍሬ ከትንሹ ይለያል፣ ትምህርቱ ያ ነው። ፊደል የሚምታታበት ልጅ የለቀመውን አሥር አሥር እያደረገ ይቆጥራል። የማትሰማው ልጅ ለባቄላም ለአተርም የየራሳቸውን ምልክት በእጇ ታሳያለች፣ ወንድሞቿም ይቀበሏታል። ፊደሉን በተመለከተ፣ ልጁ «ሉ»ን እና «ሊ»ን የሚያደባልቀው ስለ ሰነፈ አይደለም። ሁለቱን የሚለያቸው አንዲት አጭር ሰረዝ ናት፤ በ«ሉ» ከቀኝ እግሩ ወገብ ላይ፣ በ«ሊ» ከታች ከእግሩ ጫፍ ላይ ትወጣለች። ሰባቱን በአንድ ትንፋሽ ከማስጮህ ይልቅ እነዚህን ሁለቱን ብቻ በአመድ ላይ በጣቱ እየጻፈ አንድ ሳምንት ቢቆይ ይሻለዋል። ለትንሹ ደግሞ ሸሚዝ መልበስን ከመጨረሻው መጀመር ነው። እናቱ እጁንም ራሱንም አስገብታ፣ እስከ ሆዱ ጎትታ፣ የመጨረሻዋን ስበት ለእሱ ትተውለታለች። ሁልጊዜ «ጨረስኩ» ብሎ ስለሚነሣ ደስ ይለዋል፤ ያንን ሲለምድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትጨምርለታለች። ይህ ሁሉ ደግሞ ቤቱ በሚናገረው ቋንቋ ይሁን። በብዙ የዋግ ቤት ቋንቋው ኽምጣኛ ነው። ለመማር የተቸገረን ልጅ በማያውቀው ቋንቋ መጀመር በሸክሙ ላይ ሸክም መጨመር ነው።

በአሜሪካ ዊስኮንሲን፣ ፖርቴጅ በተባለች ከተማ፣ በ1969 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ልጆችን ቤታቸው የማስተማር መርሐ ግብር የተነሣው ከዋግ ገበሬ ችግር ጋር ከሚመሳሰል ችግር ነበር፤ ልጆቹ በገጠር ተበታትነው አንድ ክፍል መሰብሰብ አልተቻለም። መምህሯ በሳምንት አንድ ቀን ቤት ትሄዳለች፣ ከወላጅ ጋር ትንሽ ግብ ትመርጣለች፣ አሳይታ ትመለሳለች፤ ቀሪውን ቀን የምታስተምረው እናት ናት። አሠራሩ በኋላ በብዙ አገሮች ተሠራበት። ሌላ አገር ሳንሄድም፣ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞች መድቦ ቤት ለቤት አስኪዷል። ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ እስከ ምድጃው የደረሰ እግር ስለ ትምህርት የማይደርስበት ምክንያት አይታየኝም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤት ዋለ፣ ትምህርቱም በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተላለፈ። ሬዲዮ ለማይሰማ፣ ቴሌቪዥን መብራት ለሌለው አይሆንም። ማንም ከደጃፍ ሳይደርስ ቤት መማር ምን እንደሚመስል ያኔ ታይቷል።

ይህ አሳብ መንግሥትን ከግዴታው ያሳርፈዋል የሚሉ ሰዎች ስጋት ከባድ ነው፣ አከብረዋለሁም። «ቤት እየተማረ ነው» የሚል ዘገባ ልጅን ለመርሳት ይመቻል። ለዚህ ነው መዝገቡን የማጠብቀው። የልጁ ስም በቅርብ ባለው ትምህርት ቤት ስም መጥሪያ ላይ ካለ ርዕሰ መምህሩ ይጠየቅበታል፣ መቼ ክፍል እንደሚገባም ይታቀድለታል። ወላጆቹ ያልተማሩ ናቸው ለሚለው፣ ሰፌዱም ሸሚዙም ማንበብ አይጠይቁም፤ ንባብ የሚጠይቀውን መምህሩና ክፍል የደረሰ ታላቅ ወንድም ይያዙት። የእናት ድካም ግን በቃል የሚመለስ አይደለም። ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ጋግራ ለምትውል ሴት አዲስ ሥራ መጨመር ግፍ ነው፤ ትምህርቱ በያዘችው ሥራ ውስጥ ካልገባ፣ አባትም ድርሻውን ካልወሰደ ባይጀመር ይሻላል።

በአንድ ነገር ላይ ተቃዋሚዎቹ ትክክል ናቸው። የማትሰማው ልጅ ቤት ልትቀር አይገባም። ቤተሰቡ የፈጠረው ምልክት ለባቄላና ለውሃ ይበቃል፤ ለሐዘን፣ ለነገ፣ ለ«ለምን» ግን አይበቃም። ሙሉ የምልክት ቋንቋ የሚገኘው መስማት ከተሳናቸው ሌሎች ልጆችና ከዐዋቂዎቻቸው መካከል ነው፣ ያውም በልጅነት። ለእሷ የቤቱ ትምህርት መንደርደሪያ ብቻ ነው፤ ወደ ከተማ የሚያደርሳት መጓጓዣና የምታድርበት ቤት ከወረዳው በጀት ላይ ይያዝላት። ለሁለቱ ወንድሞቿ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ዳገቱን ለሚወጣው መምህር የበቅሎ ኪራይና የውሎ አበል ያስፈልጋል፤ ያ ቀንም ከመደበኛ ክፍለ ጊዜው ላይ ተቀንሶ ይቆጠርለት።