ልብ ዝም ሲል፦ ድባቴና በእግዚአብሔር ተስፋ ማድረግ

በድባቴ የተያዘ አማኝ ሁለት ሸክም አለበት። አንዱ ሕመሙ ነው። ሌላው «እምነትህ ቢጸና ኖሮ እዚህ አትደርስም ነበር» የሚል ክስ ነው። ይህን ክስ አንዳንዴ ራሱ በራሱ ላይ ያነሣዋል፤ አንዳንዴም የሚወዱት ሰዎች ሳያውቁት ይጭኑበታል። «በርታ፣ ጸልይ፣ ስላለህ ነገር አመስግን» የሚለው ምክር ከክፋት አይመነጭም። ከአልጋ ወርዶ ፊቱን መታጠብ ላቃተው ሰው ግን የሚደርሰው እንደ ፍርድ ነው። በቤተ እምነቶቻችን ስለ ተስፋ ብዙ ይሰበካል፤ ተስፋ አልሰማ ስላለው አማኝ የሚነገረው ጥቂት ነው። የጥንት አባቶችና ከእነሱ በኋላ የመጡ አማኞች ግን ስለዚህ ሰው ብዙ ጽፈዋል፤ ከመካከላቸው በዚያው ጨለማ ያለፉ ስለነበሩ።

አስቀድሞ ስለ ሕመሙ። ሐዘን ሁሉ ድባቴ አይደለም። ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ አብዛኛውን ቀን፣ በየዕለቱ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የሚቆይ የስሜት መውደቅን ወይም ደስ ይል ከነበረው ነገር ሁሉ ደስታ ማጣትን ነው። ከዚሁ ጋር እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይዛባል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ሐሳብ አልሰበሰብ ይላል፣ ሰው ራሱን ከልክ በላይ ይወቅሳል፤ ሲብስ የሞት ሐሳብ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መረጃ 280 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ከድባቴ ጋር ይኖራሉ፤ ሕመሙ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ በ50 በመቶ ገደማ ይበዛል፤ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከአእምሮ ታማሚዎች መካከል ከ75 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሕክምና አያገኙም። በእኛ አገር ደግሞ ሕመምተኛው ጤና ጣቢያ ሲቀርብ «ከፍቶኛል» ብሎ አይጀምርም። ራሴን ያመኛል፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ይላል።

ከምልክቶቹ ሁሉ አማኙን ይበልጥ የሚያሳስተው ራስን መውቀሱ ነው፤ የንስሓን ልብስ ለብሶ ይመጣልና። «ኃጢአቴ ይቅር አይባልም»፣ «እግዚአብሔር ፊቱን አዙሮብኛል» የሚል ሰው በእርግጥ የበደለው ነገር ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ተናዝዞ፣ ቀኖናውን ፈጽሞ፣ ከዓመት በኋላም ያንኑ ቃል የሚደግም ከሆነ፣ የንስሓ አባቱ ከበደሉ ይልቅ ሕመሙን ማድመጥ ይኖርበታል። ይህን ለይቶ ማወቅ የነፍስ አባትነት ትልቁ ጥበብ ይመስለኛል።

መጽሐፍ ቅዱስን በዚህ ዓይን ያነበበ ሰው የሚያገኘው ያስደንቀዋል። ከመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ሰፊውን ስፍራ የያዘው ሰቆቃ ነው። አብዛኞቹ የሰቆቃ መዝሙሮች ጨልመው ጀምረው በምስጋና ይዘጋሉ፤ የኤማን መዝሙር የሚባለው 87ኛው (በዕብራይስጡ ቁጥር 88ኛው) ግን እንደጨለመ ያልቃል። ዘማሪው ወዳጆቹ እንደራቁት ተናግሮ ያቆማል፤ መጽናኛ የሚሆን መዝጊያ የለውም። ዳዊትን በየዕለቱ ከፋፍሎ የሚደግም ሰው በየሳምንቱ ያልፍበታል። ይህ መዝሙር ከጸሎት መጽሐፍ አለመውጣቱ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ምስጋና ያልያዘ ጸሎትም ጸሎት ሆኖ ተቆጥሯል። ሰቆቃወ ኤርምያስም እንዲሁ ነው። ከአምስቱ ምዕራፎች የተስፋው ቃል የሚገኘው በመካከለኛው ነው፤ ከዚያ በኋላ ለቅሶው ይመለሳል፣ መጽሐፉም የሚያልቀው እግዚአብሔር ፈጽሞ ጥሎን ይሆን በሚል ጥያቄ ነው።

ከሁሉ የበለጠ ልንቆይበት የሚገባን ግን በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ያለው የኤልያስ ታሪክ ነው። ነቢዩ በቀርሜሎስ ተራራ ታላቁን ድል ካየ ገና አልሰነበተም። ንግሥቲቱ ኤልዛቤል ስትዝትበት ሸሽቶ ወደ ቤርሳቤህ ወረደ፤ ሎሌውን እዚያ ተወና ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባ፤ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦም እንዲሞት ለመነ። ከዚያ ተኛ። እግዚአብሔር ምን እንዳደረገ በቅደም ተከተሉ እንየው። መልአኩ አልገሠጸውም፤ ስለ ቀርሜሎስም አላስታወሰውም። ዳሰሰውና ብላ አለው። በራስጌው በፍም የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበረ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ለሁለተኛ ጊዜ መጥቶ አሁንም ብላ አለው፤ ምክንያቱንም ሲነግረው መንገዱ ከአቅሙ በላይ መሆኑን አመነለት። ከዚያ በኋላ ነው አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ የደረሰው። እዚያም ብሶቱን ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል እንዲናገር ዕድል ተሰጠው። እግዚአብሔር በዐውሎ ነፋሱ፣ በምድር መናወጡ፣ በእሳቱም ውስጥ አልነበረም፤ በዝግታ ድምፅ መጣ። በመጨረሻም ሥራና ሰው ሰጠው፤ ኤልሳዕን በእርሱ ፈንታ ነቢይ እንዲሆን እንዲቀባው አዘዘው፣ ብቻውን እንዳልቀረም ነገረው። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ መንገድ፣ ብሶትን መናገር፣ ጓደኛ፤ ቃሉ የመጣው ሥጋው ከተደገፈ በኋላ ነው። ዛሬ የታመመን ሰው ለመርዳት ጥቅስ ይዘን የምንሄድ ሁሉ ምግብ ይዘን መሄድን ብናስቀድም ከመልአኩ ሥርዓት አንወጣም።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ወደ ጥንት አባቶች ስንሻገር፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪዮስ ሰውን የሚፈትኑ ስምንት ሐሳቦችን ሲዘረዝር ሐዘንንና ስልቹነትን ለየብቻ አስቀምጧቸዋል። ስልቹነቱን የቀትር ጋኔን ይለዋል፦ ፀሐይ የቆመች ይመስላል፣ መነኩሴው በመስኮት ደጋግሞ ይመለከታል፣ በዓቱን ይጠላል፣ ወንድሞቹ ሁሉ ፍቅር እንዳጡ ያስባል። ይህ ሁሉ ዛሬ ድባቴ ከምንለው ጋር አንድ ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም በጥንቃቄ የታየ የውስጥ ሕይወት መዝገብ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ማር ይስሐቅ ነው፤ በገዳሞቻችን ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ ሆኖ የሚነበበውና በአንድምታ የሚተረጎመው። በ7ኛው ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ቀጠር አካባቢ ተወለደ፣ የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ሹመቱን ትቶ ወደ ገዳም ገባ። ነፍስ በጨለማ የምትዋጥባቸውን ሰዓታት ሲገልጽ የራሱን ልምድ የሚናገር ይመስላል፤ በዚያ ሰዓት ሰው ሃይማኖቱና ተስፋው ሁሉ ይጠፋበታል፣ በጥርጥርና በፍርሃት ይሞላል ይላል። ምክሩ ግን ለስላሳ ነው። ብትችል ስገድና ጸልይ፤ ካልቻልህ በልብስህ ተከናንበህ ተኛ፣ ሰዓቱ እስኪያልፍ ድረስ ከበዓትህ ግን አትውጣ። ይህን የሚለው እኮ በጸሎት የተጠመደ ባሕታዊ ነው። መጸለይ ያልቻለውን ሰው ከጸሎት ሕይወት ውጭ አላደረገውም።

ከምዕራቡ ዓለም ሦስት ሰዎችን እጠራለሁ። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ዊሊያም ኩፐር (1731–1800 እ.ኤ.አ.) በ1763 ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ በአንድ ሐኪም ቤት በእንክብካቤ ተረፈ፤ እምነቱንም ያገኘው እዚያው ሳለ ነው። በኋላ ኦልኒ በምትባል ከተማ የቀድሞው የባሪያ መርከብ አዛዥ ጆን ኒውተን ጎረቤቱ ሆነ፤ በ1779 የታተመውን የመዝሙር መጽሐፍም በጋራ አዘጋጁ። በ1773 ሕመሙ ሲያገረሽበት እግዚአብሔር ጥሎኛል ብሎ ደመደመ፣ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን አቆመ። ኒውተን ግን ከአንድ ዓመት በላይ በገዛ ቤቱ አስጠግቶ አስታመመው። ኩፐር እስከ ዕለተ ሞቱ ሙሉ እፎይታ አላገኘም። ይህን ታሪክ የምወደው በድል ስላላለቀ ነው፤ ለራሱ ተስፋ ማድረግ ላልቻለ ሰው ሌላው ተስፋ አደረገለት፣ መዝሙሮቹም ብዙዎችን አጽናኑ።

ሰባኪው ቻርልስ ስፐርጀን በ22 ዓመቱ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1856 እ.ኤ.አ.፣ ለንደን ውስጥ በሚሰብክበት አዳራሽ አንድ ሰው በሐሰት «እሳት!» ብሎ ጮኸና በግርግሩ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ድባቴ ሲመላለስበት ኖረ። ለተማሪዎቹ ባስተማረው ትምህርት የሥጋ ሕመም፣ የሥራ ብዛት፣ ንጹሕ አየር ማጣት ሰውን እንደሚጥሉ፣ አንዳንዴም ምክንያቱ ጨርሶ እንደማይገኝ ሳያፍር ተናግሯል። እማሆይ ቴሬዛ ደግሞ ለ50 ዓመት ያህል የእግዚአብሔር መገኘት ሳይሰማቸው መኖራቸው በሰፊው የታወቀው በ2007 እ.ኤ.አ. ደብዳቤዎቻቸው ሲታተሙ ነው። የእሳቸውን መንፈሳዊ ጨለማ ድባቴ ብሎ መጥራት ይከብዳል፤ ስሜት ሳይኖርም ታማኝነት እንደሚኖር ግን ያስረዳል።

በእስልምናም ይህ እውቀት ጥልቅ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ ሚስታቸውን ኸዲጃንና አጎታቸውን አቡ ጧሊብን ያጡበት ዓመት የሐዘን ዓመት ተብሎ ይታወሳል፤ የቁርኣኗ ሱረቱ አድ-ዱሓም ወሕይ (የአላህ መልእክት) ተቋርጦባቸው በተጨነቁ ጊዜ እንደወረደች ይነገራል። ነቢዩ ያዕቆብ በልጃቸው በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪጠፋ አልቅሰዋል፤ ልቅሷቸው ግን ከአላህ ተስፋ እንደመቁረጥ አልተቆጠረባቸውም። በ934 እ.ኤ.አ. ያረፈው አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ ሥጋና ስለ ነፍስ ጤና በጻፈው መጽሐፍ ምክንያቱ የሚታወቅ ሐዘንን ምክንያቱ ከማይታወቀው ለይቷል፤ ሁለተኛውንም ከሥጋ ጋር አያይዞ የሕክምና ጉዳይ አድርጎታል። ይህን የጻፈው ከዛሬ አንድ ሺህ ዓመት በፊት ነው።

የዘመኑ ጥናት የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. 147 ጥናቶችን በአንድ ላይ የመረመረ ሥራ ሃይማኖተኛነት ከድባቴ መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ አሳየ፤ ግንኙነቱ ግን ደካማ ነው፣ የሚጎላውም በመከራ ውስጥ ባሉ ሰዎች ዘንድ ነው። በ2016 ወደ 90 ሺህ የሚጠጉ አሜሪካውያን ነርሶችን የተከታተለ ጥናት ደግሞ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ አምልኮ የሚካፈሉት ራስን የማጥፋት መጠናቸው ጨርሶ ከማይሄዱት በአምስት እጥፍ ገደማ ያነሰ ሆኖ አገኘው። ሌላ ገጽም አለ። በ2001 እነ ኬነዝ ፓርጋመንት 596 አረጋውያን ሕሙማንን ለሁለት ዓመት ተከታትለው፣ «እግዚአብሔር ትቶኛል»፣ «አይወደኝም» ብለው የሚታገሉት የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ አገኙት። እንግዲህ እምነት ሁሉ በአንድ ዓይነት መንገድ አይሠራም። የሚቀጣ እንጂ የማይራራ አምላክ ለታመመ ሰው መስበክ ጉዳት አለው፤ ይህን ሰባኪዎቻችን ቢያውቁት ምንኛ በጠቀመ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በአዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አስርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። አብዛኛው ሕመምተኛ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ጸበል፣ ወደ መጋቢው ወይም ወደ ሼኹ ነው፤ ዛሬም ይኸው ነው። ይህን እንደ ችግር ብቻ የሚያዩ አሉ፤ አልስማማም። ጸበል ቦታ የሚሰነብት ሰው ማልዶ ይነሣል፣ ከሰው ጋር ይውላል፣ ታሪኩን የሚሰማው ያገኛል፤ ራሱን ለዘጋ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ የሚመጣው መድኃኒት ጣል ሲባል፣ በሰንሰለት ሲታሰርና ሲገረፍ፣ ወይም ሕመሙ ሁሉ የመንፈስ ነው ሲባል ነው። የድባቴ መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል፤ ሕመምተኛው በመካከሉ ካቋረጠው የመጀመሪያዎቹን የጎንዮሽ ጉዳቶች ብቻ ቀምሶ ጥቅሙን ሳያይ ይቀራል።

ጸበልንና መድኃኒትን አብሮ የማስኬድ መንገድ ደግሞ አዲስ አይደለም። በ2007 እ.ኤ.አ. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። በእንጦጦም የአእምሮ ሐኪሞችና የጸበል አባቶች ተባብረው ሕሙማንን የረዱበት ሥራ በ2021 በሕክምና መጽሔት ታትሟል። ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን፣ ታማሚው ጸልዮ ለሐኪሙም ስፍራ እንዲሰጥ ያስተምራል። ለሥራ የተሰደዱ እኅቶቻችን ግን ይህን ድጋፍ በቀላሉ አያገኙም። ለምሳሌ በሳዑዲ ዓረቢያ በይፋ የሚሠራ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ በሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራ እኅት የንስሓ አባቷም መዝሙሯም ስልኳ ውስጥ ነው፣ ስልኩ ሲነጠቅባት ሁሉም ይነጠቃል። በውጭ ያሉ አጥቢያዎችና ማኅበራት ይህን ቢያስቡበት እላለሁ።

በመጨረሻ የምንሸሸው ጉዳይ አለ። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም የሚለው ልማድ ብዙ ቤተሰብ ሐዘኑን እንዲደብቅ አድርጓል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ጢሞቴዎስ ግን ይህንኑ ሲጠየቅ፣ ሰውየው አእምሮውን ስቶ ካደረገው ሊጸለይለት እንደሚገባ መልሷል፤ ካህኑም ነገሩን በጥንቃቄ እንዲመረምር አዝዟል። መመርመር ግን ሰውየው በሕይወት ሳለም ይቻላል። የንስሓ አባትም፣ መጋቢም፣ ኡስታዝም የተጨነቀን ሰው «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በግልጽ ቢጠይቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ጥናቶችም ይህንኑ ያሳያሉ። አዎ ካለ ብቻውን አይተውም፤ የተባይ መርዙም ገመዱም ከአጠገቡ ይነሣል፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰዳል፣ የጠየቀውም ሰው አብሮት ይሄዳል።