100 ሚሊዮን ፓውንድ እንዴት ይባክናል?

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነሐሴ ላይ ሲጀመር በዓለም ዙሪያ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እኩል 100 ሚሊዮን ፓውንድ ይዘው ገበያ ይወጣሉ። ገንዘቡ ስልክና ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያለ ነው፤ ፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ በነጻ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። በዚህ ብር 15 ተጫዋቾች ይገዛሉ፦ 2 ግብ ጠባቂ፣ 5 ተከላካይ፣ 5 አማካይና 3 አጥቂ። ከአንድ ክለብ ከ3 በላይ መያዝ አይቻልም። ተጫዋቾቹ በእውነተኛው ሜዳ በሚሠሩት ልክ ነጥብ ያመጣሉ። ግንቦት ላይ ሒሳቡ ሲዘጋ፣ በእኩል ካፒታል የጀመሩት ሰዎች በመቶዎች በሚቆጠር ነጥብ ተራርቀው ይገኛሉ።

ይህ ዓምድ የስፖርት ዓምድ አይደለም። ፋንታሲን ያነሣሁት ኳስ አዋቂ የሚባሉት ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱ የጓደኞች ሊግ ውስጥ ወደ ታች ሲወርዱ፣ ጨዋታ በቅጡ የማያይ የሒሳብ ክፍል ባልደረባቸው ሲመራቸው ማየት የተለመደ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 የዓለም ደረጃ ሰንጠረዡን ለአጭር ጊዜ የመራው በወቅቱ የቼዝ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ማግነስ ካርልሰን ነው። በጨዋታው የሚፈተነው በአብዛኛው የበጀት አያያዝ ነው፤ አዲስ ገቢዎች የሚሳሳቱትም እዚያው ላይ ነው።

ከዋጋው እንነሣ። የተጫዋቾችን መነሻ ዋጋ የሚተምኑት የጨዋታው አዘጋጆች ናቸው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ሲገዛው ዋጋው በ0.1 ሚሊዮን ይጨምራል፣ ብዙ ሰው ሲሸጠው በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህ ገበያ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ አቅርቦቱ ወሰን የለውም። እኔ ሞሐመድ ሳላህን ስገዛ ለእናንተ አይጎድልባችሁም። የሸማቾች ማኅበር ሱቅ ስኳርን ከገበያ በታች በተተመነ ዋጋ ሲሸጥ ሰልፉ ይረዝማል፣ ስኳሩም ያልቃል። ፋንታሲ ስኳሩ የማያልቅበት የሸማቾች ሱቅ ነው። አዘጋጆቹ አንዱን ተጫዋች አሳንሰው ከተመኑት ስሕተቱ ለሳምንታት ክፍት ሆኖ ይቆያል። የ0.1 ጭማሪዎቹ ክፍተቱን ለመድፈን አይደርሱም።

ትልቁ ትርፍ የሚገኘው ከዚህ ክፍተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015/16 የሌስተሩ ሪያድ ማሕሬዝ የተተመነው 5.5 ሚሊዮን ነበር፤ በዓመቱ 240 ነጥብ አመጣ። በ2019/20 የሼፊልድ ዩናይትዱ ጆን ሉንድስትራም በተከላካይነት ተመዝግቦ በ4.0 ሚሊዮን ሲሸጥ፣ ሜዳ ላይ ግን የሚጫወተው አማካይ ሆኖ ነበር። ተከላካይ ግብ ሲያገባ 6 ነጥብ ያገኛል፣ አማካይ 5፤ ቡድኑ ግብ ሳይቆጠርበት ሲወጣ ደግሞ ተከላካይ 4፣ አማካይ 1 ብቻ። የምዝገባ ስሕተቱ ለሉንድስትራም ገዢዎች በየሳምንቱ የሚከፈል ድጎማ ሆነላቸው። በ2023/24 ደግሞ ኮል ፓልመር በ5.0 ሚሊዮን ጀምሮ 244 ነጥብ ላይ ደረሰ።

አዲስ ገቢ ይህን ሲሰማ በሚቀጥለው ዓመት ፓልመርን ለመግዛት ይሮጣል። ያኔ ግን ዋጋው 10.5 ሚሊዮን ሆኗል፤ ያመጣውም 214 ነጥብ ነው። መጥፎ አይደለም፣ ነገር ግን ለአንድ ሚሊዮን የሚገኘው ነጥብ ከ49 ገደማ ወደ 20 ወርዷል። የኤርሊንግ ሃላንድ ታሪክ ይበልጥ ግልጽ ነው። በ2022/23 በ11.5 ሚሊዮን 272 ነጥብ፣ በቀጣዩ ዓመት በ14.0 ሚሊዮን 217፣ በ2024/25 ደግሞ በ15.0 ሚሊዮን 181። ዋጋው እየወጣ ምርቱ እየወረደ ሄደ። አዘጋጆቹ ዋጋ የሚተምኑት ያለፈውን ዓመት አይተው ነው፤ ስለዚህ ዝናን የሚገዛ ሰው የአምናውን ነጥብ በዘንድሮ ዋጋ ይገዛል። ሳላህ በ2024/25 በ12.5 ሚሊዮን 344 ነጥብ አምጥቶ የጨዋታውን ክብረ ወሰን ሰብሯል፤ እንዲህ ያለ ነገርም ይገጥማል፤ ደንብ አድርጎ መያዝ ግን አያዋጣም።

እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ ብቻ የሄዱ ብልሆች የሚወድቁበት ወጥመድ አለ። ነጥብን ለዋጋ እያካፈሉ ርካሹን ብቻ መሰብሰብ። በ4.5 ሚሊዮን ተገዝቶ በዓመት 120 ነጥብ የሚያመጣ ተከላካይ እንውሰድ፤ በሚሊዮን ወደ 27 ነጥብ ገደማ ነው፤ ከሃላንድ የየትኛውም ዓመት ውጤት ይበልጣል። ታዲያ በየሳምንቱ የሚሰለፉትን 11ዱንም በእንዲህ ዓይነት ተጫዋቾች ብንሞላ ወጪያችን 49.5 ሚሊዮን፣ ነጥባችን 1,320 ይሆናል፤ ከበጀቱም ግማሹ ሳይሠራ ይቀራል። ይህ ነጥብ በጓደኞች ሊግ ጭራ ላይ የሚያስቀምጥ ነው። ምክንያቱም እጥረቱ ሁለት ነው፦ ገንዘብና ቦታ። በየሳምንቱ የሚቆጠርልን የ11 ሰው ነጥብ ብቻ ነው። ርካሹ ተጫዋች የሚጠቅመው በራሱ ሳይሆን፣ በቆጠበልን ገንዘብ ሌላ ቦታ ላይ ውድ ሰው ማሰለፍ ስንችል ነው።

ከ11ዱ አንዱ ደግሞ አምበል ነው፤ ነጥቡ በእጥፍ ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ በጣም ውድ ተጫዋች መያዝ ትርጉም አለው፤ እጥፉ የሚሠራው በእሱ ላይ ነውና። ሁለተኛው ውድ ሰው ይህ ጥቅም የለውም፣ ሦስተኛው ይበልጡን የለውም። አምበል የማናደርገውን የ14 ሚሊዮን አጥቂ መያዝ ሥራ የማይሠራበት ማሽን ገዝቶ መጋዘን እንደማስቀመጥ መሆኑን ብዙዎች የሚረዱት ዘግይተው ነው።

ስለ ተቀያሪ ወንበር ብዙ ማለት አያስፈልግም። አራቱ ተቀያሪዎች ላይ የተኛ ገንዘብ የሞተ ካፒታል ነው። ሁለተኛው ግብ ጠባቂ የ4.0 ሚሊዮን ሰው ይሁን። ከቀሩት ሦስቱ ግን ቢያንስ አንዱ በክለቡ ቋሚ ተሰላፊ መሆን አለበት፤ ከ11ዱ አንዱ ጨርሶ ሳይጫወት ሲቀር ጨዋታው ራሱ ተቀያሪውን ያስገባዋልና።

አሁን ወደ ትልቁ ብክነት፣ ወደ ዝውውር እንምጣ። በየሳምንቱ አንድ ነጻ ዝውውር ይሰጣል። ካልተጠቀምንበት ይጠራቀማል፤ ከ2024/25 ጀምሮ እስከ 5 ድረስ ማስቀመጥ ይቻላል። ከነጻው በላይ ለሚደረግ እያንዳንዱ ዝውውር ግን 4 ነጥብ ይቆረጣል። አንድ አጥቂ ግብ ሲያገባ የሚያገኘው 4 ነጥብ መሆኑን ልብ በሉ። ስለዚህ ቅጣት ከፍላችሁ የምታመጡት አጥቂ፣ ካስወጣችሁት ሰው በላይ አንድ ሙሉ ግብ ቢያገባላችሁ እንኳ ገና ዜሮ ላይ ናችሁ። ተቆራጩ የተረጋገጠ ነው፣ ግቡ ግን ተስፋ ነው።

ይህ ወጪ የሚመጣው በአብዛኛው ከንዴት ነው። ቅዳሜ ያሳፈረንን ተጫዋች እሑድ ማታ እናባርራለን፤ በቦታው ቅዳሜ ሁለት ግብ ያገባውን እናመጣለን። ሁለቱ ግቦች ግን የተቆጠሩት ለቀድሞ ባለቤቶቹ ነው። ያሳፈረንን ተጫዋች በውድ ገዝተነው ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ያወጣነው ገንዘብ እያሳዘነን ለወራት ይዘነው እንቆያለን። ሁለቱም ወደ ኋላ ማየት ናቸው። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ በሚቀጥሉት አምስት ስድስት ጨዋታዎች ማን ከማን ጋር ይገናኛል፣ ለ90 ደቂቃስ የሚጫወተው ማን ነው? 60 ደቂቃና ከዚያ በላይ መጫወት ብቻውን 2 ነጥብ ነው፤ ሩቅ የሚያስኬደውም ይህ አሰልቺ ገቢ ነው።

ዋጋው ከመጨመሩ በፊት ልግዛ ብሎ የሚቸኩልም ብዙ ነው። የመሸጫ ሕጉን ቢያዩ ይረጋጉ ነበር። ከትርፉ የሚሰጣችሁ ግማሹን ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ታች ተጠጋግቶ። በ7.5 ሚሊዮን የገዛችሁት ተጫዋች 7.8 ቢገባ የምትሸጡት በ7.6 ነው። ዋጋው ቢወርድ ግን ኪሳራው ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው። እንዲህ ያለ ግብር ባለበት ገበያ ለ0.1 ሚሊዮን ሲባል ሰኞ መግዛት፣ ተጫዋቹ ሐሙስ በልምምድ ላይ ቢጎዳ የሚያስከፍለውን 4 ነጥብ ችላ ማለት ነው። አሠልጣኞቹ ስለ ጉዳት የሚናገሩበት ጋዜጣዊ መግለጫ አብዛኛውን ጊዜ ከጨዋታው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው። እስከዚያ የሚጠብቅ ሰው መረጃን በነጻ ያገኛል።

መጠበቅ ግን ሰዓት ማወቅን ይጠይቃል። ዝውውር የሚዘጋው ከሳምንቱ የመጀመሪያ ጨዋታ 90 ደቂቃ በፊት ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ የቅዳሜ የቀትር ጨዋታ ሲሆን ለእኛ ቀን 7 ሰዓት፣ ዓርብ ምሽት ሲሆን ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በጥቅምት አጋማሽ አካባቢ እንግሊዞች ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ስለሚመልሱ ለእኛ እስከ መጋቢት ድረስ በአንድ ሰዓት ይዘገያል። የዓርቡን ጨዋታ ረስቶ ቅዳሜ ጠዋት ቡድኑን ሊያስተካክል የሚነሣ ሰው በየሊጉ አይጠፋም።

አንድ የስሌት ነጥብ ልጨምር። በጓደኞች ሊግ የሚቆጠረው ልዩነት ነው። ሁሉም የያዘው ተጫዋች ግብ ሲያገባ ደረጃችሁ አይለወጥም፤ እናንተ ብቻ ካልያዛችሁት ግን ትወድቃላችሁ። ስለዚህ እየመሩ ያሉ ሰዎች ተፎካካሪዎቻቸው የያዙትን ተወዳጅ ተጫዋች አምበል ቢያደርጉ እንደ መድን ይቆጠርላቸዋል። ወደ ኋላ የቀረ ሰው ግን መድን ቢገዛ ባለበት ይቀራል፤ እሱ ሌሎች ያልያዙትን መፈለግ አለበት፤ ያውም ከመጋቢት በኋላ እንጂ በመስከረም አይደለም። እንደ ዋይልድካርድ (ያለ ነጥብ ቅጣት ቡድኑን እንዳለ መቀየር የሚያስችል) ያሉት ልዩ ዕድሎች በ2025/26 ሁሉም ሁለት ሁለት ሆነዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ግን ከ19ኛው ሳምንት የዝውውር መዝጊያ በፊት ካልተሠራባቸው ይቃጠላሉ፣ አይጠራቀሙም።

በመጨረሻ ስለ ጥቆማ ሻጮች። በቴሌግራም ‘የሳምንቱን አሸናፊ ቡድን’ በክፍያ ለማቅረብ ቃል የሚገቡላችሁ ሰዎች ቢያጋጥሟችሁ፣ የሚሸጡላችሁ ነገር፣ ማለትም የተጫዋቾች ዋጋ፣ የጨዋታ መርሐ ግብር፣ የጉዳት ዜናና ስንት ሰው ማንን እንደያዘ የሚያሳየው አኃዝ ሁሉ በራሱ በጨዋታው ገጽ ላይ በነጻ ያለ ነው። ለሺህ ሰው የተሸጠ ምስጢር ደግሞ ልዩነት አይፈጥርም። ጨዋታው ነጻ ነው፤ ብር አታውጡበት።