ሐሜሊን ያለ አይጥ

(ዋሽንት፤ ዝቅ ብሎ ከትረካው ሥር ይቀጥላል)

ተራኪ፦ ተረቱን ብዙዎቻችሁ ታውቁት ይሆናል። ከተማዋን አይጥ ወረራት። ዥንጉርጉር የለበሰ አንድ እንግዳ መጣና «ከከፈላችሁኝ እገላግላችኋለሁ» አለ። ዋሽንቱን ሲነፋ አይጦቹ ግር ብለው ተከተሉት፤ ወንዝ ገብተውም አለቁ። ሹማምንቱ ግን ቃላቸውን አጥፈው ዋጋውን ከለከሉት። ሰውየው ተመልሶ መጣና ሌላ ዜማ ነፋ። በዚህኛው ጊዜ የተከተሉት ልጆቹ ነበሩ።

የግሪም ወንድማማቾች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1816 አሳተሙት። እንግሊዛዊው ሮበርት ብራውኒንግ ደግሞ በ1842 በግጥም ዓለምን አዳረሰው።

ሐሜሊን ግን በሰሜን ጀርመን፣ በቬዘር ወንዝ ዳር ዛሬም ያለች ከተማ ናት። ተረት ቀን አይቆርጥም፤ ይህኛው ግን ቀኑን ቆርጦ፣ ሰው ቆጥሮ ይናገራል፦ ጁን 26 ቀን 1284፣ 130 ልጆች።

(ሙዚቃው ይቆማል)

ተራኪ፦ ማስረጃው ምንድን ነው? በከተማዋ የገበያ ቤተ ክርስቲያን በ1300 ገደማ የተሠራ፣ ታሪኩ የተሳለበት ባለ ቀለም የመስታወት መስኮት እንደነበረ ኋላ የመጡ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። መስኮቱ በ1660 ጠፋ። እስከ ዛሬ የተረፈው ቀደምት ጽሑፍ የሉነቡርግ የእጅ ጽሑፍ የሚባለው ነው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ተጽፏል። እዚያ ላይ ያለው ሰው ዕድሜው 30 ዓመት ገደማ የሆነ፣ መልከ መልካም፣ አለባበሱ ያማረ፣ የብር ዋሽንት የያዘ ጎልማሳ ነው። በድልድዩ በኩል ገባ፤ 130 ልጆች አስከትሎ በምሥራቁ በር ወጣ። አይጥ የሚባል ነገር የለም። ከተማዋ በ1556 በሠራችው በር ላይ የተቀረጸው ድንጋይም አንድ ጠንቋይ 130 ልጆች ከወሰደ 272 ዓመት መሙላቱን ይናገራል። እዚያም አይጥ የለም።

አይጦቹ ብቅ የሚሉት በ1560ዎቹ፣ ከሐሜሊን ርቆ በደቡብ ጀርመን በተጻፈው የትሲመርን ዜና መዋዕል ውስጥ ነው። ወደ 280 ዓመት ዘግይተው ማለት ነው! ያልተከፈለው ዋጋ፣ የታጠፈው ቃል፣ በቀሉ፣ ይህ ሁሉ አብሯቸው የመጣ ነው። በእኔ ግምት ሰው ልጆቹ በከንቱ ጠፉ ብሎ መቀበል ስለከበደው ጥፋተኛ ፈልጎ ሹማምንቱን አገኘ።

አይጡ ከታሪኩ ሲወጣ ልጆቹን የጨረሰው ወረርሽኝ ነው የሚለው ግምት ይላላል፤ ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ አውሮፓ የደረሰውም በ1347 ነው። ወደ ልጆች መስቀል ጦርነት ሄደው ይሆን እንዳንል ያ የ1212 ነው፤ 72 ዓመት ይቀድማል። በ1237 ከኤርፉርት እስከ አርንሽታት እየጨፈሩ ሄዱ የተባሉት ልጆች በነገሩ ይመሳሰላሉ፤ ከተማውም ዘመኑም ግን ሌላ ነው።

(የጋሪና የፈረስ ኮቴ ድምፅ)

ተራኪ፦ ብዙ ተመራማሪዎችን የሳበው የሰፈራ መላምት ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የምሥራቅ መሬት ባላባቶች አራሽ ይፈልጉ ነበር። ወኪሎቻቸው ከተማ ለከተማ እየዞሩ መሬትና የግብር እፎይታ ቃል እየገቡ ወጣቱን ይመለምሉ ነበር። አለባበሱ ያማረው ያ ጎልማሳ ከእነዚህ አንዱ ቢሆንስ? እንዲህ ከሆነ 130ዎቹም ሕፃናት ሳይሆኑ፣ ርስት የማይደርሳቸው ወጣቶች ናቸው።

የስም አጥኚው ዩርገን ኡዶልፍ የቦታ ስሞችን ተከተሉ። ከሐሜሊን አጠገብ ሐመልሽፕሪንገ የሚባል መንደር አለ፤ ከበርሊን በስተ ሰሜን፣ በኡከርማርክ ደግሞ ሐመልሽፕሪንግ። በቬዘር ዳር ቤቨሩንገን፣ በፕሪግኒትስ ቤቨሪንገን። ሰፋሪ የአገሩን ስም ይዞ ይሄዳል። በ1227 ዴንማርኮች ቦርንሆቬድ ላይ መሸነፋቸውም ያንን አካባቢ ለጀርመን ሰፋሪዎች ከፍቶት ነበር።

ሌላው ተመራማሪ ቮልፍጋንግ ቫን ግን ከኡዶልፍ ቀድመው ወደ ሞራቪያ፣ ወደ ዛሬዋ ቼክ ጠቁመው ነበር። በኦሎሞውትስ አካባቢ የሐሜሊንን የሚመስሉ የቤተሰብ ስሞች አግኝተዋል፤ የዚያ ጳጳስ ብሩኖም ከሐሜሊን አካባቢ የሻውምቡርግ መሳፍንት ወገን ነበር። ሁለቱ አገሮች በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ፤ አንድ ቡድን ሁለቱም ጋ አይሰፍርም።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። የሉነቡርጉ ጽሑፍ እናቶች ከከተማ ከተማ እየሮጡ ልጆቻቸውን እንደፈለጉ፣ አንዳችም እንዳላገኙ ይናገራል። ልጇን መርቃ ለሰፈራ የሸኘች እናት ወዴት እንደሄደ ታውቃለች። ወይ ጸሐፊው ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ የጨመረው ነው፣ ወይ ወጣቶቹ የወጡት ወላጆቻቸው ሳያውቁ ነው። ሁለተኛው እውነት ከሆነ፣ መልማዩ ለከተማዋ ሰዎች ከሌባ አይለይም ነበር።