አረንጓዴ ጀርባው ትራውት

ከሮኪ ተራሮች በሚወርዱት የአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት ቀዝቃዛ ጅረቶች ውስጥ አረንጓዴ ጀርባ የሚባል የትራውት ዓይነት ይኖራል። ከመንጋጋው ሥር ደም የመሰለ ቀይ ሰረዝ አለው፤ ጥቁር ነጠብጣቦቹም ወደ ጅራቱ ሲቃረቡ ይበዛሉ። ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የግዛቲቱ መለያ ዓሣ ነው። እኛ አገር ባሌ ውስጥ ያለው ትራውት ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ እንግዳ ሲሆን፣ ይሄኛው ግን የተራራው ባለቤት ነው።

ባለቤትነቱ አላዳነውም። የማዕድን ቁፋሮ ውሃውን በከለ፤ አጥማጅ በዛ። ከአውሮፓ የመጣው ቡናማ ትራውት ምግቡንና ቦታውን ተሻማው፤ ቀስተ ደመና የሚባለው ትራውት ደግሞ እየተዳቀለ ዘሩን አደበላለቀው። በ1937 ጨርሶ ጠፋ ተባለ። በ1950ዎቹ ግን ራቅ ባሉ ጅረቶች ተገኘ ተብሎ ተስፋ ተዘራ፤ እየተራባም ተለቀቀ። በ1978 በፌዴራሉ ሕግ የአደጋ ደረጃው አንድ እርከን ቀለለለት።

የአንድን ዓሣ ሁኔታ የሚገመግም ባለሙያ ስንት እንደቀረ፣ በምን ያህል ጅረት እንደሚኖርና ራሱን መተካት መቻሉን ይጠይቃል። ከሁሉ በፊት ግን የሚቆጠረው ዓሣ ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት፤ የኮሎራዶው ግምገማ የተሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ተመራማሪዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተይዘው በሙዚየም የተቀመጡ ዓሦችን ዲ ኤን ኤ በሕይወት ካሉት ጋር አመሳከሩ። ውጤቱ በ2012 ሲወጣ፣ ለዓመታት አረንጓዴ ጀርባ እየተባለ ሲራባ ከኖረው ብዙው የሌላ ተፋሰስ ዘመዱ ሆኖ ተገኘ። ንጹሕ ዘሩ የቀረው ኮሎራዶ ስፕሪንግስ አጠገብ ባለችው ቤር ክሪክ በምትባል ጅረት፣ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ርዝመት ብቻ ነበር።

ቤር ክሪክ ደግሞ የትውልድ ውሃው አይደለችም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የሆቴል ባለቤት ለእንግዶቹ ብሎ እዚያ እንደለቀቀው ይታመናል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፦ ለዓመታት በቅን ልብ የተደከመለት ሌላ ዓሣ ሆኖ ሳለ፣ እውነተኛው የተረፈው ጥበቃ ባላሰበበት ጅረት መሆኑ።

ከዚያ ወዲህ ከቤር ክሪክ በተወሰደ ዘር ጫጩቶች እየተራቡ፣ ባዕድ ዓሦች በተወገዱባቸው ጅረቶች ይለቀቃሉ። ይሁንና የተለቀቀ ዓሣ ብዛት ብቻውን የደረጃ ማሻሻያ ሊሆን አይገባም፤ ማራቢያ ጣቢያ ሲያቆም ቁጥሩም ይቆማልና። መመዘኛው በዚያው ውሃ ውስጥ የተፈለፈለ ትውልድ ነው። በ2022 የግዛቲቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በኸርማን ገልች ጅረት ይህ መታየቱን አስታወቀ፤ ጅረቱ ያለው በትውልድ ተፋሰሱ፣ በሳውዝ ፕላት ነው።