የውኃው ጥራት አያታልለን!



በሰበታ በኩል የሚያልፈው መንገድ በወሊሶ፣ በቡራዩ በኩል የሚያልፈው ደግሞ በአምቦ አድርጎ ወደ አንድ ሥፍራ ያደርሳል፤ ወደ ወንጪ ሐይቅ። በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛው ይህ የጠራ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። የአላህን (ሱ.ወ.) ሥራ ለሚያስተነትን ሰው ዓይን የሚያጠግብ ነው።

እኛም ተማሪዎቻችንን ይዘን ሄድን። ዙህርን ሰግደን እንዳበቃን አንድ የ15 ዓመት ልጅ፣ «መሬቱ ይታያል እኮ!» ብሎ ገባ። በሦስተኛው እርምጃ መሬቱን አጣው። አንድ ጀልባ ቀዛፊ መቅዘፊያውን ባይዘረጋለት ኖሮ ለእናቱ ምን ብለን እንነግራት ነበር? አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈ። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም፤ ዋና ሳናስተምር ወደ ውኃ የወሰድነው እኛ ነን።

ለመሆኑ ልጁን ምን አታለለው? ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚታጠፍ፣ የጠራ ውኃ ጥልቀት ከእውነተኛው በሩብ ያህል አንሶ ይታያል። 2 ሜትር የሆነው 1 ሜትር ተኩል ይመስላል። በዚያ ላይ የደጋ ውኃ ቅዝቃዜ ድንገት ሲነካን ሳንወድ አየር ያስስበናል፤ ያን ጊዜ አፋችን ውኃ ውስጥ ከሆነ የምንስበው ውኃውን ነው። ጥቂት ከቆየንም እጅና እግራችን ይዝላል።

«ወንጪ ሩቅ ነው» የሚል ወላጅ አይዘናጋ። በሰበታ፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ፣ ክረምት የሞላው ወንዝና ውኃ ያቆረ የድንጋይ ካባ ጉድጓድ ለልጆቻችን ቅርብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች በውኃ ሰጥመው ሞተዋል፤ ከእነዚህም ሩብ የሚጠጉት ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ።

ታዲያ ልጆቻችንን ከውኃ እናርቃቸው? አይደለም! ነሳኢ በዘገቡት ሐዲስ ዋናን መማር ከከንቱ ጨዋታ አይቆጠርም። ስለሆነም እግር በሚደርስበት የዋና ገንዳ፣ በመጀመሪያ መንሳፈፍን እናስተምራቸው። ወንዶች ዐውራቸውን ሸፍነው፣ ሴቶች ልጆቻችንም ከባዕድ ዓይን በራቀ ሥፍራ ይማሩ። ሐይቅ ስንሄድ ዋና የሚችል አዋቂ ሳይኖር ማንም አይግባ። ባዶ ጀሪካን በገመድ አስረን እንያዝ፤ ሰው ሲሰጥም ተከትለን ከመዝለል ይልቅ እርሱን እንወርውርለት።

ተወኩል ማለት ግመልን አስሮ በአላህ መመካት መሆኑን ለልጆቻችን ደጋግመን እንነግራቸዋለን። በውኃ ዳር ግን ግመሉን ማሰር የእኛ የወላጆችና የመምህራን ድርሻ ነው።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። አሚን።